ላሟ መሞቷን ማን አየ? የደቡብ ዳኮታ አርቢዎችና የመንግሥት የአደጋ ካሳ

ዛሬ ስለ መኖም ስለ ክትባትም አልጽፍም። በየስብሰባው የምትጠይቁኝ አንድ ነገር አለ፦ «በሰለጠነው አገር ከብት በአደጋ ሲሞት መንግሥት ይከፍላል ይባላል፣ እውነት ነው?» እውነት ነው፣ ይከፍላል። ግን መቼ ይከፍላል? ለማን? በምን ማስረጃ? እዚያ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው። በአሜሪካ ይህ ካሳ እንዴት እንደመጣ፣ የት እንደተበላሸ፣ የት እንደተስተካከለ ባጫውታችሁ ይሻላል። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በአሜሪካ ሰሜን መካከለኛው ክፍል ደቡብ ዳኮታ የምትባል ክፍለ ግዛት አለች። እዚያ የከብቱ ቁጥር ከሰው ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። በምዕራብ በኩል ሚድ የሚባል ካውንቲ አለ። ካውንቲ ማለት ያው እንደ እኛ ወረዳ በሉት፣ ስፋቱ ግን ወደ 9,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል። አገሩ ሜዳና ሣር ነው። አርቢው ላሞቹን በሙቀቱ ወራት ራቅ ያለ ገላጣ ግጦሽ ላይ ያሰማራል፤ ብርዱ ሲመጣ ዛፍና ገደላ ገደል ወዳለበት፣ ከነፋስ ወደሚከልል ቦታ ያወርዳቸዋል። ጥጃው በጸደይ ይወለዳል፣ እስከ ጥቅምትና ኅዳር ድረስ ከእናቱ ጋር ይውላል፣ ከዚያ ይሸጣል። የዓመቱ ገቢ የሚገባው አንድ ጊዜ ነው። የባንክ ዕዳ የሚከፈለው፣ የልጅ ትምህርት የሚሸፈነው በዚያ ሽያጭ ነው።

2013 ላይ፣ እኛ መስቀልን አክብረን ሳምንት ሲሞላን፣ ማለትም በኦክቶበር 3፣ ዝናብ ጀመራቸው። ከብቶቹ ገና የክረምት ጠጉር አላወጡም፣ ገና ገላጣው ግጦሽ ላይ ናቸው። ዝናቡ እስከ ቆዳቸው አራሳቸው። ከዚያ በላዩ ላይ በረዶ መጣ። የእኛን አገር ድንጋይ በረዶ እንዳትሉ፣ እንደ ጥጥ ብናኝ እየወረደ የሚቆለለውን ነው የምላችሁ። ነፋሱ በሰዓት እስከ 110 ኪሎ ሜትር ይነዳ ነበር። ራፒድ ሲቲ በምትባለው ከተማ 58 ሴንቲ ሜትር ያህል ተከመረ፤ በተራራው ላይ ከአንድ ሜትር በላይ የደረሰበት አለ። ያን ማዕበል አትላስ ብለው ይጠሩታል።

ከብት በእንዲህ ያለ ጊዜ ጀርባውን ለነፋስ ሰጥቶ መሄድ ይጀምራል። ሄደ፣ ሄደ። አጥሩን በረዶው ስለሸፈነው በላዩ ተራምዶ አለፈ። ገደል ውስጥ ገባ፣ ኩሬ ውስጥ ሰመጠ፣ ወንዝ ዳር ተደራርቦ ቀረ። አንዳንዱ ከባለቤቱ ግጦሽ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ የጎረቤት መሬት ላይ፣ አስፋልት ዳር ተገኘ። በጥቂት ቀን ውስጥ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ከብት አለቀ። ያውም ሊሸጥ ሳምንታት የቀሩት ጥጃ ከነእናቱ፣ እናትየውም ለሚቀጥለው ዓመት ያረገዘች።

አሁን ልብ በሉ። የዚያ አገር ሕግ የሞተ እንስሳ በ36 ሰዓት ውስጥ እንዲቀበር፣ እንዲቃጠል ወይም በድን ለሚያነሳ ፋብሪካ እንዲሰጥ ያዛል። ለበሽታና ለውኃ ብክለት ሲባል ትክክል ነው፣ እኔም ብሆን የምላችሁ ይህንኑ ነው። በዚያ ላይ በረዶው ሲቀልጥ ሽታው አለ። አጎራባቹ ፔኒንግተን ካውንቲ ትልልቅ ጉድጓድ አስቆፍሮ በድኑን ወደዚያ እንዲያመጡ አደረገ። ነገር ግን ቀብረህ ከጨረስክ በኋላ «ስንት ሞተብህ?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ምን ታሳያለህ?

የሚጠይቀውም ሰው ቢሮው አልነበረም። የአሜሪካ መንግሥት ባጀት ሳይጸድቅ ቀርቶ ከኦክቶበር 1 እስከ 16 ተዘግቶ ነበር። በየካውንቲው ያለው የግብርና መሥሪያ ቤት ቁልፍ ነው። አርቢው በረዶ ውስጥ ከብቱን እየፈለገ ስልክ ቢደውል የሚያነሳ የለም። የባሰው ደግሞ ቢሮው ክፍት ቢሆንም የሚከፈል ገንዘብ አልነበረም። በ2008 የወጣው የግብርና ሕግ ለሞተ ከብት ካሳ የሚሰጥ ክፍል ነበረው፣ ያ ክፍል ግን ዘመኑ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2011 አልቋል። ምክር ቤቱ አዲስ ሕግ ላይ ሳይስማማ ሁለት ዓመት አለፈ። ስለዚህ ማዕበሉ የመጣው ሕጉ ሞቶ፣ ቢሮው ተዘግቶ ባለበት ሳምንት ነው።

ታዲያ ምን ተደረገ? እንደ እኔ ያሉ የኤክስቴንሽን ሰዎች፣ የክፍለ ግዛቷ ባለሥልጣናት፣ የአርቢ ማኅበራት ሁሉ አንድ ምክር ሰጡ፦ ካሳ ይኑር አይኑር ባናውቅም ማስረጃ ያዙ። እያንዳንዱን በድን ፎቶ አንሱ። የጆሮ ቁጥሩና በጋለ ብረት የተተኮሰው ምልክት ይታይ። ቀኑን ጻፉ። ከቤተሰባችሁ ውጪ የሆነ፣ ከከብቱ ጥቅም የሌለው ሰው አይቶ ይፈርም። በድን የጫነው መኪና ደረሰኝ ይስጥ። ከማዕበሉ በፊት ስንት እንደነበራችሁ የሚያሳይ ወረቀት ፈልጉ፦ የእንስሳት ሐኪሙ እርግዝና ያየበት መዝገብ፣ ባንክ ሲያበድር የቆጠረበት ዝርዝር፣ የግዥና የሽያጭ ደረሰኝ።

እስቲ አስቡት። ሰውየው ለዓመታት ያረባቸውን ላሞች በስም ያውቃቸዋል። እያንዳንዷን ገደል ውስጥ ሲያገኛት መጀመሪያ ማድረግ ያለበት ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ማንሳት ነው። ይህ ቀላል አይደለም። አንዳንዱ አላነሳም፣ ዝም ብሎ ቀበረ። እኔ አልፈርድበትም።

በመሐሉ የደረሰላቸው መንግሥት ሳይሆን ሰው ነው። የከብትና የበግ አርቢዎች ማኅበራት ከአንድ የአካባቢ በጎ አድራጎት ድርጅት ጋር ሆነው ለአርቢዎች መርጃ ገንዘብ አቋቋሙ፤ ከ5 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ። ከሌላ ክፍለ ግዛት ያሉ አርቢዎች ደግሞ ያረገዘች ጊደር ከራሳቸው መንጋ እያወጡ በመኪና ጭነው ላኩ። የእኛዎቹ ቦረናዎች ከብት ላለቀበት ወገን ከብት የሚሰጡበትን ባህል የምታውቁ ነገሩ እንግዳ አይሆንባችሁም።

ወደ ኋላ ልመልሳችሁ፣ ምክንያቱም የአሜሪካ መንግሥት በድርቅ ጊዜ ለአርቢ ገንዘብ በሰፊው መክፈል የጀመረው ከዚያ ሰማንያ ዓመት ገደማ በፊት ነው። በ1934 ሜዳው ሁሉ ደርቆ፣ አፈሩ እንደ ጭስ እየተነሳ፣ ከብት የሚበላው አጣ። ደቡብ ዳኮታም በድርቁ ክፉኛ ከተመቱት አንዷ ነበረች። ያኔ መንግሥት ያደረገው ከብቱ ሳይሞት መግዛት ነው። ካውንቲው የአደጋ ቀጠና ተብሎ ሲሰየም ገዢዎች ይመጣሉ፣ በዕድሜ ለይተው ዋጋ ይቆርጣሉ። ከሁለት ዓመት በላይ ለሆነው እስከ 20 ዶላር፣ ለጥጃ ከ4 እስከ 8 ዶላር። በጠቅላላው ከ8 ሚሊዮን በላይ ከብት ተገዛ፣ ከ110 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጣ። ለምግብ የሚሆነው ታርዶ ለድሃ ታደለ። ለምግብ የማይሆነው እዚያው በባለቤቱ ፊት በጥይት ተመትቶ ተቀበረ።

ዋጋው ትንሽ ነው፣ ብዙዎችም አማረሩ። እኔ ግን በዚያ አሠራር ውስጥ አንድ ብልሃት አያለሁ። አብዛኛው ከብት በባንክ ዕዳ የተያዘ ነበር። ገንዘቡ እንዳለ ቢከፈል ባንኩ ይወስደውና አርቢው ባዶ እጁን ይቀራል። ስለዚህ ክፍያውን ለሁለት ከፈሉት። አንደኛው የከብቱ ዋጋ ነው፣ እሱን አበዳሪ ሊጠይቅበት ይችላል። ሁለተኛው የአርቢው ድርሻ ነው፣ እሱን ማንም አበዳሪ አይነካውም፤ ለአንድ ትልቅ ከብት 6 ዶላር፣ ለጥጃ 3 ዶላር። ትንሽ ቢሆንም ቤተሰቡ ዱቄት ይገዛበታል። ያን ሕግ የጻፈው ሰው ገበሬ ቤት ገብቶ ያየ ሰው መሆን አለበት።

ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ነገሩ እንደ አጋጣሚ ነበር። ድርቅ ሲመጣ ምክር ቤቱ ለዚያ ዓመት የሚሆን ሕግ ያወጣል፣ ገንዘብ ይመድባል፣ ያልቃል። ይህን እዘለዋለሁ። አንዱን ግን መዝለል አልችልም፣ ምክንያቱም ማስረጃ ሳይጠየቅ ሲቀር ምን እንደሚሆን ያሳያል።

በ2002 ድርቅ ነበር፣ የምር ድርቅ። የግብርና ሚኒስቴሩ ቶሎ ለመድረስ ብሎ ቀላል መንገድ መረጠ። ካውንቲህ የአደጋ ቀጠና ከተባለ፣ ባለህ ከብት ቁጥር ቼክ ይላክልሃል፦ ለሥጋ ላም በነፍስ 18 ዶላር፣ ለወተት ላም 31 ዶላር ከ50 ሳንቲም። ጉዳት ደርሶብኛል ብለህ ማሳየት አያስፈልግም። ፈጣን ነው፣ ፎርሙም አጭር ነው። በኋላ ግን በ2003 ምክር ቤቱ ሕጉን ሲያራዝም «የድርቅ አደጋ» የሚለው ቀርቶ ማንኛውም ዓይነት የታወጀ አደጋ በቂ ሆነ።

የተከተለውን ስሙ። በፌብሩዋሪ 1 ቀን 2003 ኮሎምቢያ የምትባለው የጠፈር መንኩራኩር ወደ ምድር ስትመለስ በቴክሳስ ሰማይ ላይ ተሰባበረች፣ ሰባቱም ተጓዦች አለቁ። ስብርባሪው በምሥራቅ ቴክሳስ ስለወደቀ የአደጋ አዋጅ ታወጀ። አዋጁ ስብርባሪውን ለመሰብሰብ ነበር። ነገር ግን አዋጅ አዋጅ ነውና፣ በዚያ ያሉ ከብት አርቢዎች የ«አደጋ» ካሳ ተከፈላቸው። ላማቸውን ምንም አልነካትም፣ ሣሩም ለምልሞ ነበር። ዋሽንግተን ፖስት የተባለው ጋዜጣ በ2006 ጉዳዩን መርምሮ እንዳወጣው፣ በሁለቱ ዓመት ከተከፈለው 1.2 ቢሊዮን ዶላር ውስጥ 635 ሚሊዮኑ የሄደው መካከለኛ ድርቅ ብቻ ወደነበረበት ወይም ጭራሽ ድርቅ ወዳልነበረበት ቦታ ነው። ገንዘቡን የተቀበሉ ገበሬዎች ራሳቸው ለጋዜጣው ነገሩ ልክ እንዳልሆነ ተናገሩ። እኔ ብሆን ቼኩን እመልስ ነበር? እንጃ። እናንተስ?

በ2008 የወጣው ቋሚ ሕግ ጥብቅ ማስረጃ የጠየቀው ከዚህ ሁሉ በኋላ መሆኑን አትርሱ። ሚድ ካውንቲ ውስጥ በረዶ ላይ ቆሞ ፎቶ የሚያነሳው አርቢ፣ ቴክሳስ ውስጥ በማያስፈልግ ቼክ የመጣውን ጥርጣሬ ነው የሚከፍለው። ሁለቱ ሰዎች ተያይተው አያውቁም።

ወደ አትላስ ልመለስ። አዲሱ የግብርና ሕግ በፌብሩዋሪ 7 ቀን 2014 በፕሬዚዳንት ኦባማ ተፈረመ። ለሞተ ከብት ካሳ የሚሰጠው ክፍል ተመለሰ፣ ያውም ወደ ኋላ ሄዶ ከኦክቶበር 2011 ጀምሮ ያለውን ሁሉ እንዲሸፍን ሆነ፣ ከእንግዲህም ዘመኑ እንዳያልፍበት ተደረገ። ምዝገባው ኤፕሪል 15 ተከፈተ። ከማዕበሉ እስከ ምዝገባ ከስድስት ወር በላይ ማለት ነው። በእነዚያ ስድስት ወራት የባንክ ወለድ አልቆመም።

አከፋፈሉ እንዲህ ነው። ከከብቱ አማካይ የገበያ ዋጋ 75 በመቶ ይከፈላል። ለምሳሌ ላሟ 1,000 ዶላር ብታወጣ 750 ነው። ግን በሞተው ሁሉ አይደለም። በማንኛውም ዓመት በተፈጥሮ የሚሞት ከብት አለና፣ ያ ቁጥር መጀመሪያ ይቀነሳል። 200 ላም ያለው ሰው፣ የተለመደው ሞት በመቶ ሁለት ነው ቢባል፣ የመጀመሪያዎቹ አራት ላሞች አይታሰቡለትም። ለአንድ ሰው በዓመት ከ125,000 ዶላር በላይም አይከፈልም ነበር፤ በዚያው በ750 ብናሰላው ከ166 ላም በኋላ ያለው በነጻ ሞተ ማለት ነው። ያ ጣሪያ ለሞተ ከብት ካሳ የተነሳው በ2018 ነው። በላሟ ሆድ ውስጥ ላለው ጥጃ ደግሞ በዚያ ጊዜ በነበረው ሕግ አምስት ሳንቲም አይከፈልም።

በጎን ሌላ ክፍያ አለ፣ በድርቅ ግጦሹ ለደረቀበት። እሱ በድን አይቆጥርም፣ ካርታ ነው የሚያየው። ከ1999 ጀምሮ በየሐሙሱ የሚወጣ የድርቅ ካርታ አላቸው፤ ድርቁ እንደክብደቱ ከቢጫ እስከ ጥቁር ቀይ ቀለም ይቀባል። እስከ 2025 በነበረው ሕግ ካውንቲህ ውስጥ የትም ቦታ ላይ ሁለተኛው የድርቅ ደረጃ ስምንት ተከታታይ ሳምንት በግጦሽ ወቅት ከቆየ የአንድ ወር የመኖ ክፍያ ታገኝ ነበር፣ ደረጃው ከከፋ ወሩ ይጨምራል። ቀለሙ የካውንቲውን ጫፍ ብቻ ቢነካም ካውንቲው በሙሉ ይከፈለዋል። ከድንበሩ ማዶ ያለው ጎረቤት፣ አንድ አጥር ብቻ የሚለየው፣ ምንም አያገኝም። እዚያ አገር አርቢዎች ቡና ላይ ሲገናኙ ስለ ካርታው ይጨቃጨቃሉ፤ የዝናብ መለኪያቸውን መዝግበው የሚልኩም አሉ።

ይህ ካርታ ነገር ወደ እኛም ደርሷል። በ2012 በቦረና የተጀመረው የእንስሳት መድን የኦሮሚያ ኢንሹራንስና ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ያመጡት ነው። ሳተላይት ሣሩ ምን ያህል እንደለመለመ ከላይ ያያል፤ ከተወሰነ ልክ በታች ሲወርድ ይከፈላል። በድን የሚቆጥር የለም፣ ስለዚህ ፎቶም ምስክርም አያስፈልግም። ግን የአካባቢው ሣር ደህና ሆኖ የአንተ ላም ብትሞት አይከፍልህም። የ1934ቱን የሚመስልም ታይቷል። በ2006 ድርቅ ሞያሌ አካባቢ በአንድ የእርዳታ ድርጅት ብድር የታገዙ ነጋዴዎች ገብተው ወደ 20,000 የሚጠጋ ከብት ከነሕይወቱ ገዙ። አርብቶ አደሩም በገንዘቡ እህልና ለቀሪው ከብት መኖ ገዛ፣ መኪናም ተከራይቶ ቀሪውን ወደተሻለ ግጦሽ አጓጓዘ። እኔን ብትጠይቁኝ ለሞተ ከብት ከሚከፈል ሰባ አምስት በመቶ፣ ሥጋው ሳያልቅ የሚከፈል ግማሽ ዋጋ ይበልጥብኛል።

በእኛ ወረዳ የሞተ ከብት ካሳ የሚባል ቋሚ አሠራር ስለሌለ ባዶ ተስፋ አልሰጣችሁም። ስልክ ግን በእጃችሁ አለ። አንድ ቀን ከሰዓት ከብቶቻችሁን አንድ በአንድ ከጎንና ከፊት ፎቶ አንሱ፣ የክትባት ካርዱንም አብራችሁ አንሱ፣ ለልጃችሁ ወይም ለወንድማችሁ ስልክም ላኩት፤ ስልክ ይሰበራል። መድን ለገባ ሰው፣ ብድር ለሚጠይቅ፣ ከብቱ ለተሰረቀበት ይጠቅማል። አርቢው ሚድ ካውንቲ ውስጥ የተቸገረው የሞተውን በማሳየት ብቻ አይደለም፣ በሕይወት የነበረውን በማሳየትም ነው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፣ በሆድ ውስጥ ስላለው ጥጃ። በ2025 አሜሪካ ባወጣችው ሕግ ያረገዘች ላም በአደጋ ስትሞት ላልተወለደው ጥጃም ተጨማሪ ክፍያ እንዲኖር ተደርጓል። ሕጉ ወደ ኋላ የሚሄደው እስከ ጃንዋሪ 2024 ድረስ ነው። የአትላስ ጊዜዎቹ አይገቡበትም።

በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ድርቆሽ አከማቸት እመለሳለሁ። ደህና ሰንብቱ።